ከአጥሩ ማዶ ያለው የባቡር ግቢ፦ በርሜሉን ልፍራ ወይስ ደብዳቤውን?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሂዩስተን ነው። ቤቱን ከገዛን ሁለት ዓመት ሆነን። ከጓሯችን አጥር ማዶ የባቡር ኩባንያ ግቢ አለ። በርሜሎች ተደርድረው ይታዩናል። ማታ ማታ የባቡር ቦቴዎች መጥተው ይቆማሉ። ሙቀት ሲበረታ ሬንጅ ሬንጅ ይሸተናል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ "የአደገኛ ቆሻሻ ፈቃድ እድሳት" የሚል ደብዳቤ ከግዛቱ መሥሪያ ቤት መጣ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ጓሮ ጎመን ተክያለሁ። ባለቤቴ "ሸጠን እንውጣ" ይላል። ጎረቤቶች "ይሄ ሁሌ የሚመጣ ወረቀት ነው፣ ጣይው" ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤውን እንዳይጥሉት። ጥለውት ከሆነም አሁኑኑ ከቅርጫቱ ያውጡት። ከጻፉልኝ ነገር ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። በርሜሉ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ያስፈራል፤ ሽታውም ያስጨንቃል። በእኔ ሥራ ግን ሰው ለዓመታት የጎዳ ነገር ብዙ ጊዜ ከመሬት በታች ያለው፣ የማይታየው ነው። እሱን የሚያሳይዎት ደግሞ ያ «ሁሌ የሚመጣ» ወረቀት ነው።

ሥራዬ የተበከለ አፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ማጥናት ነው። የእርስዎን ግቢ አላየሁትም። ስለዚህ «ደህና ናችሁ» ወይም «አደጋ ላይ ናችሁ» አልልዎትም። እንዲያ የሚልዎት ሰው ካለ ይጠርጥሩት። እንዴት እንደሚጣራ ግን ላሳይዎት እችላለሁ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሂዩስተን ስለሆኑ ከራስዎ ከተማ ልጀምር። ፊፍዝ ዋርድና ካሽሚር ጋርደንስ የሚባሉትን ሰፈሮች ሳይሰሙ አይቀሩም። እዚያ ከ1911 እስከ 1984 የእንጨት ማከሚያ ፋብሪካ ነበር። ከሐዲድ ስር በአግድም የሚነጠፈው እንጨት እንዳይበሰብስና ምስጥ እንዳይበላው በትልቅ ጋን ውስጥ ተከቶ፣ ክሪዮሶት የሚባል ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ጥቁር ዘይት በግፊት ይጠጣል። ሲወጣ ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠበው ደግሞ ባዶ መሬት ላይ ነው። ይህን በየቀኑ ለሰባ ምናምን ዓመት ያስቡት። ፋብሪካው የሳውዘርን ፓሲፊክ ባቡር ነበር። ዩኒየን ፓሲፊክ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሳውዘርን ፓሲፊክን ሲጠቀልል ግቢውንም ከነጉዱ ወረሰ።

ክሪዮሶት ከውሃ ይከብዳል። የመኪና ዘይት ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አይተዋል፤ ይሄኛው ግን ይሰምጣል። አፈሩን አልፎ የከርሰ ምድር ውሃው ጋ ሲደርስም አይቆምም፤ ሸክላ አፈር እስኪያግደው ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በሸክላው ተዳፋት ላይ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። አጥር አያውቅም። በፊፍዝ ዋርድ ከ100 በላይ ቤቶች ስር መድረሱ ተዘግቧል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀድሞ እንጨት ይታከምበት የነበረ ግቢ ውስጥ (የሂዩስተኑ አይደለም) ናሙና ስወስድ ነበር። የናሙና ጉድጓድ ክንድ እንኳ በደንብ አያስገባም። ረጅም፣ ወለል አድርጎ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ በገመድ አወረድኩ። ስስበው ከላይ ያለው ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ላላወቀ ሰው የሚጠጣ ይመስላል። ከታች ግን አንድ ስንዝር የሚያህል ጠቆር ያለ ቡናማ ነገር ተኝቷል። ቱቦውን ሳዘነብለው እንደ ወፍራም ማር ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሽታው የእናቴን ሣጥን አስታወሰኝ። ጋቢና ነጠላ ውስጥ የምትጥለውን ናፍታሊን ያውቁታል አይደል? እሱው ነው። ናፍታሊን ከክሪዮሶት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ከእኔ ጋር የነበረው ልጅ «ይሄ ሁሉ ዓመት እዚሁ ነበር?» አለኝ። እዚሁ ነበር። ከላዩ ሣር በቅሎበታል።

በ2019 የቴክሳስ ጤና መሥሪያ ቤት በእነዚያ ሰፈሮች የሳንባ፣ የምግብ ቧንቧና የማንቁርት ካንሰር ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ እንዳገኘው አስታወቀ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በአንድ የሕዝብ ቆጠራ ክልል ውስጥ በልጆች ላይ የሚታይ አንድ ዓይነት የደም ካንሰር ከሚጠበቀው አምስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። እንዲህ ያለ ጥናት «በዝቷል» ይላል እንጂ «ያመጣው ይሄ ነው» አይልም። ኩባንያው ከእኔ ግቢ ጋር አይያያዝም ብሎ ይከራከራል። ነዋሪው ደግሞ የቀበራቸውን ሰዎች ስም እየጠራ ይቆጥራል። በ2023 ከንቲባው ሲልቬስተር ተርነር ፈቃደኛ ነዋሪዎችን ከአካባቢው የማዛወር ዕቅድ ይዘው ወጡ። ፋብሪካው ከተዘጋ ያኔ 39 ዓመት ሆኖታል።

ይህን ያነሳሁት የእርስዎ ግቢም እንዲያ ነው ለማለት አይደለም። ብዙ የባቡር ግቢ ላይ እንጨት ታክሞ አያውቅም። ቢሆንም ሌላ ጣጣ አያጣም። ሞተር የሚታጠብበት ኬሚካል አለ፤ የፈሰሰ ናፍጣ አለ። የድንጋይ ከሰል አመድ አለ። ድሮ ሐዲድ ላይ አረም ለመግደል ይረጭ የነበረ አርሴኒክ አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ፓዮሊ በምትባል ከተማ የተገኘው ደግሞ የኤሌክትሪክ ባቡር ትራንስፎርመር ዘይት ነበር። ፒሲቢ የተባለው ኬሚካል ግቢውን አልፎ የጎረቤት ጓሮ ድረስ ሄዶ ስለነበር ከመኖሪያ ቤቶች ግቢ ሳይቀር አፈር ተቆፍሮ ተወስዷል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ዛሬ ምን ይሠራበታል?» ሳይሆን «ድሮ ምን ነበር?» ነው።

አሁን ደብዳቤውን ያውጡና ሦስት ነገር ይፈልጉ።

አንደኛ፣ ቀን። ይህ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። በፌዴራሉ ደንብ የአደገኛ ቆሻሻ ፈቃድ ረቂቅ ሲወጣ ሕዝቡ ቢያንስ 45 ቀን አስተያየት መስጫ ያገኛል። የእርስዎ ደብዳቤ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ተጽፏልና የመጨረሻውን ቀን በቀይ ያክብቡት። ቴክሳስ ውስጥ ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካዎት ሰው ከሆኑ ክርክር ያለበት ችሎት እንዲካሄድ መጠየቅ ይችላሉ። አጥር የሚጋሩ ሰው ካልተነካ ማን ሊነካ ነው? ታዲያ ቀኑ ካለፈ የሚሰማዎት የለም። ስንት ሰው በዚህ ብቻ ሲቀር አይቻለሁ! እውነቱ በእጁ፣ ቀኑ ከእጁ።

ሁለተኛ፣ የፈቃዱ ዓይነት። «ፖስት ክሎዠር» የሚል ቃል ካለ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሻሻ ተቀብሮ ወይም ፈስሶ ቀርቷል፣ ኩባንያው እየጠበቀው ነው ማለት ነው። «ኮሬክቲቭ አክሽን» ካለ፣ ወጥቶ የተሰራጨ ነገር ካለ እንዲያጣራና እንዲያጸዳ ግዴታ አለበት ማለት ነው። «ስቶሬጅ» የሚል ከሆነ ወሬው ዛሬ ስለሚከማች ነገር ነው። ጎረቤትዎ «ሁሌ የሚመጣ» ያለው ወረቀት የትኛው እንደሆነ ሳያነብ አይቀርም ብዬ ባስብ ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ሙሉ ማመልከቻው የት እንደተቀመጠ። ብዙ ጊዜ በአቅራቢያዎ ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሄደው ያገላብጡት። ጥራዙ አያስደንግጥዎ፤ የሚፈልጉት ካርታዎቹን ነው። የተበከለው የከርሰ ምድር ውሃ በተከበበ መስመር ይሳላል። መስመሩ የእርስዎን መንገድ ይነካል? ለቤትዎ ቅርብ የሆነው የናሙና ጉድጓድ የቱ ነው፣ ውጤቱስ ከዓመት ዓመት እየወረደ ነው እየወጣ? መስመሩ አጥሩ ጋ ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን ይጠርጥሩ። አጥሩ ጋ የቆመው ብክለቱ ይሁን ቁፋሮው ይጠይቁ።

ስብሰባ ከተጠራ ደግሞ አስቀድመው ደውለው የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የእኛ ሰው እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብሎ ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ቡና ላይ ሲሆን ምድር ቀውጢ ይሆናል! የሚመዘገበው ግን እዚያ የተባለው ነው።

ወደ ሽታው ልምጣ። ክሪዮሶት የጠጣ እንጨት ግቢው ውስጥ ተከምሮ ከሆነ፣ የሂዩስተን ፀሐይ ሲያገኘው ያልበዋል፤ ይሸታል። ያ ከመሬት በታች ብክለት ስለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። አፍንጫችን ናፍታሊንን እጅግ በትንሽ መጠን ይለየዋል። በተቃራኒው ምንም ሳይሸት የሚጎዳም አለ። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሽታው ቤት ውስጥ ካለ ነው። አንዳንድ ኬሚካሎች ከተበከለው ውሃና አፈር ተነው በቤቱ መሠረት ስንጥቅና በቧንቧ ቀዳዳ ወደ ላይ ይገባሉ። ካርታው ብክለቱን ወደ እርስዎ አካባቢ ካመጣው፣ የቤት ውስጥ አየርና ከወለሉ ስር ያለው አየር እንዲለካ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከተገኘ መላ አለው። ከወለሉ ስር አየሩን እየሳበ ወደ ጣሪያ የሚያወጣ ማራገቢያ ይገጠማል።

በርሜሎቹስ? አጥር ዘለው እንዳይገቡ። በሕግም ያስጠይቃል፣ ለራስዎም አደገኛ ነው። ከጓሮዎ ሆነው በስልክዎ አቅርበው ፎቶ ያንሱ። አደገኛ ቆሻሻ የያዘ በርሜል ላይ ምን እንደሆነ የሚናገር መለያ መኖር አለበት፤ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው። ማጠራቀም የተጀመረበት ቀንም ይጻፍበታል። ብዙ ቆሻሻ የሚያመነጭ ድርጅት ያለ ማከማቻ ፈቃድ ማቆየት የሚችለው 90 ቀን ነው። አነስ ያለ የሚያመነጨው 180። ቆሻሻው ከሌላ ቦታ መጥቶ በጉዞ ላይ እያለ እዚያ ያረፈ ከሆነ ደግሞ 10 ቀን ብቻ። ክዳኑም ሊጨመርበት ወይም ሊወሰድበት ካልሆነ መዘጋት አለበት። ስለዚህ ያው በርሜል፣ ያው የተጨረመተ ጎኑ፣ በመጋቢትም በነሐሴም ፎቶዎ ላይ ካለ ጥሩ ጥያቄ ይዘዋል። ቀን የሌለው «አስፈሪ በርሜል አየሁ» የሚል አቤቱታ መዝገብ ቤት ያድራል። ሁለት ቀን ያለው ፎቶ ግን ተቆጣጣሪ ያስመጣል። ደግሞ ባዶ በርሜሎች ወይም የሞተር ዘይት ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። እሱም መልስ ነው።

ቦቴዎቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱ ቆሻሻ ሳይሆኑ ጭነት ናቸው። የሚገርመው ሕጉም እንደዚያ ነው የሚያያቸው። አንድ ፋብሪካ ግቢው ውስጥ ብዙ ክሎሪን ካስቀመጠ በየዓመቱ ለአካባቢው የአደጋ ዕቅድ ኮሚቴ ማስታወቅ ይኖርበታል። ይህ ሕግ የወጣው በ1986፣ ከሕንዱ የቦፓል እልቂት በኋላ ነው። ክሎሪኑ በጉዞ ላይ ያለ የባቡር ቦቴ ውስጥ ከሆነ ግን ከዚህ ዓመታዊ ሪፖርት ነፃ ነው። ቆሞም ቢያድር። ስለዚህ ማንበብ ያለብዎት ቦቴው ላይ የተለጠፈውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ነው። 1203 ቤንዚን ነው። 1075 የማብሰያ ጋዝ ዘር ነው። 1005 አሞኒያ፣ 1017 ክሎሪን፣ 1086 ደግሞ ቪኒል ክሎራይድ። የመጨረሻውን ኦሃዮ ውስጥ ያለችው ኢስት ፓለስታይን ታውቀዋለች። በየካቲት 2023 እዚያ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ አምስት የቪኒል ክሎራይድ ቦቴዎች ሆን ተብሎ ተቃጠሉ። በኋላ የአደጋ መርማሪዎቹ ማቃጠሉ አያስፈልግም ነበር አሉ። ነዋሪው ጭሱን ከሳበ በኋላ!

ቦቴ ሲቃጠል ካዩ ቪዲዮ ለመቅረጽ አይውጡ። ቤንዚን የጫነ ከሆነ የአደጋ ሠራተኞች መመሪያ በየአቅጣጫው 800 ሜትር ያህል ይከልላል። ጋዝ ከሆነ 1600 ሜትር። 911 ይደውሉ። ከቤት አትውጡ ከተባሉ ኤሲውን ያጥፉ። በሂዩስተን ሙቀት ይከብዳል፤ ግን ኤሲው የውጭውን አየር ሊያስገባብዎ ይችላል። መስኮት ዝጉ፣ የበሩን ስር በእርጥብ ፎጣ ድፈኑ። በየባቡር ማቋረጫው ሰማያዊ ሰሌዳ አለ፤ የኩባንያው የአደጋ ስልክና የማቋረጫው መለያ ቁጥር ተጽፎበታል። ዛሬ ሲያልፉ ፎቶ ያንሱት። ግቢው ውስጥ ኬሚካል ሲፈስ ካዩ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት የ24 ሰዓት መስመር 1-800-424-8802 ነው።

«ከንቲባው ግቢውን ለምን አያስነሳልንም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይችልም። በ1995 የወጣው ሕግ የባቡር ሥራን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቶታል። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባት የቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ ሞክራዋለች። በ2008 ኖርፎልክ ሰዘርን ከመኖሪያ ሰፈርና ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ ኢታኖል ከባቡር ወደ መኪና መገልበጥ ጀመረ። ከተማዋ መኪኖቹ ላይ የፈቃድ ግዴታ ልትጥል ሞከረች። በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለባቡሩ ፈረደ። ስለዚህ ጉልበትዎን እዚያ አይጨርሱ። የአደገኛ ቆሻሻ ሕጉ ግን ራሱ የፌዴራል ነው፤ ባቡር ነኝ ብሎ የሚያመልጠው የለም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም «ኤኮ» የሚባል የመረጃ ቋት አለው። የፖስታ ቁጥርዎን ሲያስገቡ ግቢው መቼ እንደተፈተሸና ምን ጥፋት እንደተገኘበት ያሳይዎታል።

ባለቤትዎ ሸጠን እንውጣ ማለቱን አልቃወምም፤ የራሳችሁ ውሳኔ ነው። ግን ይህን ይወቅ። ቴክሳስ ውስጥ ሻጭ የሚሞላው ቅጽ ስለ አደገኛ ቆሻሻ በቀጥታ ይጠይቃል። ደብዳቤው ከደረሳችሁ በኋላ «አናውቅም» ብሎ መፈረም ነገ ችሎት ያቆማል። ተጣርቶ «የእናንተ ቤት አልተነካም» የሚል ወረቀት ከያዛችሁ ቤቱም በዋጋው ይሸጣል፤ ምናልባት መሸጡም ይቀራል። ከተነካ ደግሞ ካሳ ይገባችሁ እንደሆነ ከመሸጣችሁ በፊት አጣሩ። እዚህ ላይ ጠበቃ ያናግሩ፤ እኔ አፈር እንጂ ሕግ አልተማርኩም።

የልጆቹን ነገር። የቧንቧ ውሃችሁ የከተማው ከሆነ ከግቢው ስር ካለው ውሃ አትጠጡም፤ በዚህ በኩል ይረጋጉ። የራሳችሁ ጉድጓድ ካላችሁ ግን ሳይመረመር አትጠጡት። ሐኪም ጋ ሄደው «የክሪዮሶት ምርመራ» ቢሉ ብዙም አይረዳዎትም። በሽንት የሚታየው የቅርብ ቀናቱ ብቻ ነው፤ ከግቢው ይምጣ ከተጠበሰ ሥጋ ጭስ አይለይም። የእርሳስ የደም ምርመራ ግን ቀላል ነው፣ ያሠሩላቸው። ጫማ በር ላይ ይውለቅ፤ ይሄንንስ ከእኛ ቤት ማን ይበልጠናል። ከጓሮ ሲገቡ እጃቸውን ይታጠቡ። ወለሉ በደረቁ ከመጠረግ በእርጥብ ይወልወል።

ጎመኑ ቀረን። የአፈሩ ውጤት እስኪመጣ ከአጥሩ ስር ያለውን ለጊዜው አይብሉት። ጎመን በሥሩ ከሚስበው ይልቅ ቅጠሉ ላይ የሚለጠፈው አቧራና ዝናብ የሚረጭበት ጭቃ ነው የሚያሳስበው። አፈሩን ለላቦራቶሪ ሲሰጡ እርሳስ፣ አርሴኒክና ከክሪዮሶት የሚመጡት ፒኤኤች (PAH) የሚባሉት ኬሚካሎች እንዲታዩ በስም ጠርተው ይዘዙ፤ ተራው የአትክልት ምርመራ እነዚህን አያይም። እስከዚያው ከቤቱ በሌላኛው ወገን ከፍ ያለ መደብ ያሠሩ፤ ከስሩ ጨርቅ አንጥፈው የተገዛ አፈር ይሙሉበት። ጠርዙን ደግሞ ባለቤትዎ በርካሽ አገኘሁ ብሎ በአሮጌ የሐዲድ እንጨት እንዳይሠራልዎት። ስንት ቤት አይቻለሁ፣ ጤና አዳምና በሶብላ በዚያ እንጨት ተከበው!